የማኅበረ ምእመናንን መተዳደሪያ ደንብ መያዝና ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን (ከዚህ በኋላ ኢኤልሲኤ) ሥር ላሉ አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረ ምእመናን ጸሐፊዎች፣ የምክር ቤት አባላትና መጋቢዎች የተዘጋጀ ነው። አብዛኞቹ ምእመናን ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከሌሎች ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ስለሆኑ የአገር ቤቱ አሠራርና የአሜሪካው ደንብ የሚጋጩባቸውን ቦታዎች ሰፋ አድርገናል።

ያሉን ሰነዶች ብዙ ናቸው። የትኛው ከየትኛው ይበልጣል?

ከላይ የስቴቱ ሕግ አለ። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኒቱ በስቴቱ ስትመዘገብ ያስገባችው የምሥረታ ሰነድ፣ ከዚያ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ከዚያ ውስጠ ደንቡ፣ ከዚያ ቀጣይ ውሳኔዎች (ጉባኤው ወይም ምክር ቤቱ የሚያወጣቸው፣ በደንቡ ውስጥ ቁጥር የሚሰጣቸው ውሳኔዎች) ይመጣሉ። በመጨረሻ ምክር ቤቱ የሚያወጣቸው መመሪያዎች ናቸው። የታችኛው የላይኛውን ከተቃረነ የታችኛው አይሠራም።

አንድ አንቀጽ በየትኛው ደረጃ እንዳለ ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል። ሲ10.02 የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ነው። ሲ10.02.01 በዚያው አንቀጽ ሥር ያለ ውስጠ ደንብ ነው። ሲ10.02.ኤ25 ደግሞ በ2025 የወጣ ቀጣይ ውሳኔ ነው፤ ፊደሉ ተራውን፣ ቁጥሩ ዓመቱን ያሳያል። ይህን አቆጣጠር አታፍርሱ። አንድ ሰው በቅንነት «1፣ 2፣ 3» ብሎ ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ከቆጠረው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ኢኤልሲኤ ካዘጋጀው ሞዴል ደንብ ጋር ለማመሳከር የሚቀመጠው ኮሚቴ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል።

አንዳንድ አንቀጾች ፊት ያለው ኮከብ ምንድን ነው?

ኢኤልሲኤ ለማኅበረ ምእመናን ያዘጋጀው ሞዴል ደንብ ውስጥ ኮከብ ያለበት አንቀጽ ግዴታ ነው። ቃል ሳይጨመርና ሳይቀነስ እንዳለ ይገባል። ኮከብ የሌለበት አንቀጽ የምክር ሐሳብ ነው፤ ከራሳችሁ ሁኔታ ጋር ማስማማት ትችላላችሁ።

የእምነት መግለጫው (ምዕራፍ 2)፣ ስለ ንብረት የሚናገረው ምዕራፍ 7 እና ስለ አባልነት የሚናገረው የምዕራፍ 8 ዋና ክፍል ከዚህ ዓይነቱ ናቸው። ሰው እጁን ማሳረፍ የሚወደው ምዕራፍ 7 ላይ ነው። ማኅበረ ምእመናኑ ቢበተን ያልተላለፈው ንብረት ወደ ሲኖዶሱ (ማኅበሩ ወደሚገኝበት የኢኤልሲኤ የአካባቢ አካል) እንደሚሄድ የሚናገረውን ቃል ለማለዘብ የሚደረግ ሙከራ በሲኖዶሱ ምርመራ ላይ መቆሙ የታወቀ ነው፤ የስብሰባው ድካምም በከንቱ ይቀራል። ስለ ሕንጻው ስጋት ካላችሁ ደንቡን ከመነካካት ይልቅ የሲኖዶሱን ጽሕፈት ቤት በግልጽ ጠይቁ።

ኮከቦቹን ከራሳችሁ ቅጂ ላይ አታጥፏቸው። ለውበት ሲባል የሚያጠፉ አሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ የትኛውን መንካት እንደሚቻል በምን ያውቃል?

የያዝነው ቅጂ አሮጌ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

ሞዴሉን የሚያሻሽለው አገር አቀፉ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ይሰበሰባል። የቅርቦቹ በ2016 በኒው ኦርሊንስ፣ በ2019 በሚልዋኪ፣ በ2022 በኮለምበስ፣ በ2025 በፊኒክስ የተካሄዱት ናቸው። በቅጂያችሁ የመጀመሪያ ገጽ ወይም ግርጌ ላይ ከእነዚህ ዓመታት አንዱን ፈልጉ።

ቀን ከሌለው ይዘቱን ተመልከቱ። ምዕራፍ 9 ስለ መጋቢ ብቻ የሚናገርና ስለ ዲያቆናት ዝም የሚል ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ የነበሩትን ሦስት የተለያዩ የምእመናን አገልጋዮች መዝገቦች በየስማቸው የሚጠራ ከሆነ ጽሑፉ ከ2016 ጉባኤ በፊት የነበረ ነው። እነዚያ መዝገቦች ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ወደ አንድ የቃልና የአገልግሎት መዝገብ ተጠቃለዋል። ሌላው ምልክት ያልተሞላ ባዶ ቦታ ነው። ሞዴሉ የአባላት ቁጥር፣ የምልዓተ ጉባኤ መጠንና የሲኖዶስ ስም የሚጻፍባቸው ሰረዞች አሉት። «ምልዓተ ጉባኤ ____ ድምፅ ሰጪ አባላት ይሆናል» የሚል ባዶ ቦታ እንዳለ የጸደቀ ደንብ ካላችሁ፣ ደንቡ በዚያ ነጥብ ላይ ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

ለማሻሻል ስንት ስብሰባ፣ ስንት ድምፅ ያስፈልጋል?

የሚለወጠው ነገር ምን እንደሆነ ይወስነዋል። ከዚህ በታች ያለው የሞዴሉ አሠራር ስለሆነ በራሳችሁ ቅጂ ላይ አመሳክሩት። የምትገዙት አሁን በጸደቀውና በእጃችሁ ባለው ቃል ነው።

ደንባችሁን ከቅርቡ ሞዴል ጋር ለማስማማት ብቻ ከሆነ መንገዱ አጭር ነው። ምክር ቤቱ ማሻሻያውንና የራሱን የውሳኔ ሐሳብ ቢያንስ ከስብሰባው 30 ቀን በፊት ለምእመናኑ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በአንድ ስብሰባ፣ በአብላጫ ድምፅ ይጸድቃል። ወዲያው ይሠራል፤ ጸሐፊው ቅጂውን ለሲኖዶሱ ይልካሉ። ይህ አጭር መንገድ ኮከብ ላለባቸውም ለሌለባቸውም አንቀጾች ያገለግላል፣ ቃሉ የሞዴሉ ቃል እስከሆነ ድረስ።

ኮከብ የሌለበትን አንቀጽ በራሳችሁ ቃል መለወጥ ከፈለጋችሁ ግን ሁለት ስብሰባ ያስፈልጋል። ሐሳቡ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ለምክር ቤቱ ይገባል፤ ምክር ቤቱ ከ30 ቀን በፊት ለአባላት ያሳውቃል። በመጀመሪያው ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ያልፋል። ቀጥሎ በሚመጣው መደበኛ ስብሰባ ደግሞ ምንም ሳይለወጥ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸናል። ከዚያም ሲኖዶሱ ማጽደቁን ሲያሳውቃችሁ ሥራ ላይ ይውላል።

«ምንም ሳይለወጥ» የሚለው ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ወንድም ተነሥተው «ይቺን ቃል እናስተካክላት» ይላሉ፤ ጉባኤው በደስታ ይስማማል። በዚያች ቅጽበት የመጀመሪያው ስብሰባ ድምፅ ዋጋ ያጣል፤ ጽሑፉ ሌላ ስለሆነ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። ሰብሳቢው ከውይይቱ በፊት ይህን በግልጽ መናገር አለባቸው። ማረም የሚቻለው በመጀመሪያው ስብሰባና ከዚያ በፊት ነው።

ውስጠ ደንብ በአንድ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይለወጣል፤ የ60ውና የ30ው ቀን ማስታወቂያ እዚህም አለ። ቀጣይ ውሳኔ ግን በጉባኤው አብላጫ ድምፅ ወይም በምክር ቤቱ ጠቅላላ ድምፅ ሰጪ አባላት ሁለት ሦስተኛ ይወጣል።

የሁለት ሦስተኛውን ስሌት አስተውሉ። በጉባኤ የሚቆጠረው ከተገኙትና ድምፅ ከሰጡት ነው፦ 60 ሰው ተገኝቶ 12ቱ ድምፀ ተዓቅቦ ቢያደርጉ ሁለት ሦስተኛው የሚሰላው ከ48ቱ ነው፤ 32 ድምፅ ይበቃል። በምክር ቤት ቀጣይ ውሳኔ ላይ ግን የሚቆጠረው ከጠቅላላው ነው። 9 አባላት ካሉና የመጡት 7 ቢሆኑ አሁንም 6 የድጋፍ ድምፅ ያስፈልጋል። መጋቢው በደንባችሁ የምክር ቤቱ ድምፅ ሰጪ ከሆኑ እሳቸውም ከዘጠኙ ይቆጠራሉ።

ቀኖቹን እንዴት እንቁጠር?

ከስብሰባው ቀን ወደ ኋላ። ዓመታዊ ስብሰባችሁ እሑድ ጃንዋሪ 25 ቀን 2026 ነው እንበል። የ30 ቀኑ ማስታወቂያ የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 26፣ የ60 ቀኑ ደግሞ ኖቬምበር 26 ቀን 2025 ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ፖስታ ቤት ይጨናነቃል፤ ሰዉም በበዓል ላይ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ከዲሴምበር አጋማሽ በፊት ላኩ።

ለተራ ስብሰባ ሞዴሉ የሚጠይቀው በሁለት ተከታታይ እሑዶች በአምልኮ ላይ ማስታወቅና ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ለድምፅ ሰጪ አባላት በፖስታ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ ነው። ለማሻሻያ ግን 10 ቀን አይበቃም። እንደ ወትሮው በሁለት እሑድ ማስታወቂያ ተጠርቶ ደንብ ያሻሻለ ስብሰባ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ቢያጸድቀው እንኳ፣ አላሻሻለም።

በአማርኛው ማስታወቂያ ላይ የአውሮፓውያኑን ወር በአገራችን ወር ስም አትጻፉ። «ጥር 25» ብላችሁ ጃንዋሪ 25ን ብታስቡ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 25 ፌብሩዋሪ 2 ነው፤ እናቶችና አባቶች በሳምንት ዘግይተው ሊመጡ ይችላሉ። «እሑድ ጃንዋሪ 25 ቀን 2026 (ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.)» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ቡድን መልእክት ለማስታወስ ጥሩ ነው። ብቸኛ ማስታወቂያ ግን አታድርጉት፤ ማን እንደደረሰው ማሳየት ያስቸግራል፤ በቡድኑ የሌሉ አባላትም አሉ። ኢሜይል ላኩ፣ ኢሜይል ለሌላቸው በፖስታ ላኩ፤ የተላከበትን ቀንና ዝርዝር ከቃለ ጉባኤው ጋር አስቀምጡ።

ድምፅ መስጠት የሚችለው ማን ነው?

በሞዴሉ መሠረት ድምፅ ሰጪ አባል የሚባለው በዚያው ዓመት ወይም ባለፈው ዓመት ቅዱስ ቁርባን የተቀበለና በስሙ የተመዘገበ ስጦታ የሰጠ፣ ማጽኛ የተቀበለ አባል ነው። የስጦታው መጠን አልተወሰነም፤ መመዝገቡ ነው የሚፈለገው። ለዓመታት በየእሑዱ ጥሬ ገንዘብ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የሚጨምሩ እናት ስማቸው በሒሳብ ያዥዋ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ በወረቀት ላይ ድምፅ የላቸውም። ይህ የሚያሳዝንና በቀላሉ የሚስተካከል ነው። ስም የተጻፈበት ፖስታ አዘጋጁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያው ወር አስታውቁ። ቁርባን የወሰዱትንም የሚመዘግብ ሰው መድቡ።

ዝርዝሩ በየዓመቱ ከስብሰባው በፊት ካልታደሰ ምልዓተ ጉባኤው ይበላሻል። መዝገቡ ላይ 240 ስም ካለና ግማሹ ወደ ሌላ ከተማ የሄደ ከሆነ፣ 20 በመቶ የሚለው ደንብ 48 ሰው ይጠይቃል፤ የጠራው ዝርዝር 120 ቢሆን ግን 24 ይበቃል። ምልዓተ ጉባኤውን በመቶኛ ጻፉት። በቁጥር የተጻፈ ምልዓተ ጉባኤ ምእመናኑ ሲያንሱ ስብሰባውን ያግዳል፤ ሲበዙ ደግሞ ጥቂቶች በብዙዎች ላይ እንዲወስኑ ያደርጋል።

እኛ የምንመራው በሽማግሌዎች ነው፤ ደንቡ ግን ምክር ቤት ይላል። ምን እናድርግ?

አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረ ምእመናን ውስጥ ከዚህ የበለጠ ችግር የሚፈጥር ጉዳይ ያለ አይመስለንም። በመካነ ኢየሱስ ልማድ ሽማግሌዎች መንፈሳዊውንም አስተዳደሩንም ይይዛሉ። በኢኤልሲኤ ደንብ ምዕራፍ 12 መሠረት የምእመናኑን ሥራ የሚመራው፣ በሕግ ፊትም ተጠያቂ የሚሆነው ምክር ቤቱ ነው። አሠራሩ በአፍ እንደ አገር ቤት፣ በወረቀት እንደ አሜሪካ ሆኖ ሲቀጥል ሰላም እስካለ ድረስ ማንም አያስተውለውም። ጠብ ሲነሣ ግን ባንኩ ፊርማ የሚቀበለው ከማን እንደሆነ፣ የኪራይ ውል መፈረም የሚችለው ማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ መልሱ የሚፈለገው ከወረቀቱ ነው።

ሁለት ጤናማ መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምክር ቤቱ እንዲሆኑ ማድረግና «በዚህ ደንብ ምክር ቤት የተባለው በአማርኛ የሽማግሌዎች ጉባኤ ይባላል» የሚል አንድ ውስጠ ደንብ መጻፍ። እንዲህ ከሆነ ሽማግሌዎቹ በምክር ቤቱ የምርጫ ሥርዓትና የአገልግሎት ዘመን ይታሰራሉ። ሁለተኛው፣ ምክር ቤቱን ለአስተዳደር ትቶ ሽማግሌዎችን በምዕራፍ 13 ሥር የጸሎት፣ የጉብኝትና የእርቅ ኮሚቴ አድርጎ ማቋቋም። ሁለተኛው ለትልልቅ ማኅበረ ምእመናን ይሻላል፤ ለትንሽ ማኅበር ሰው አይበቃም። ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ አታድርጉ።

ምን ነገር በየትኛው ሰነድ ይጻፍ?

በተቻለ መጠን ዝቅ ባለው ደረጃ። የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር በመተዳደሪያ ደንቡ ይገኛል። የኮሚቴዎች ዝርዝር፣ የምርጫ አፈጻጸም፣ የአስመራጭ ኮሚቴ ጊዜ ሰሌዳ ውስጠ ደንብ ላይ ይሁን። ምክር ቤቱ ያለ ጉባኤ የሚፈቅደው የወጪ ጣሪያ ቀጣይ ውሳኔ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋጋ በየጊዜው ይለወጣልና። የሕፃናት ጥበቃ፣ የአዳራሽ አጠቃቀም፣ የገንዘብ ቆጠራ (ሁልጊዜ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች)፣ የቁልፍ አያያዝ መመሪያ ናቸው። የሰው ስም፣ የባንክ ስም፣ የአምልኮ ሰዓትና የኪራይ አድራሻ በየትኛውም ደንብ ውስጥ አይግቡ። የአምልኮ ሰዓትን በመተዳደሪያ ደንብ የጻፈ ማኅበር፣ የሚያከራየው ቤተ ክርስቲያን ሰዓት በለወጠበት ቀን የራሱን ደንብ ይጥሳል።

ደንቡ በአማርኛ ይሁን በእንግሊዝኛ?

ሁለቱም ይኑራችሁ፤ የሚገዛው ግን አንዱ ብቻ ይሁን። ሲኖዶሱ የሚመረምረው፣ ፍርድ ቤትና ባንክም የሚያነቡት እንግሊዝኛውን ስለሆነ ገዥው እሱ እንዲሆን በውስጠ ደንብ ወስኑ። አማርኛው ሙሉ ይሁን፤ ማጠቃለያ አይበቃም። አንቀጽ በአንቀጽ ተመሳሳይ ቁጥር ይያዝ፤ ግርጌው ላይ «ከ____ ቀን የእንግሊዝኛ ቅጂ የተተረጎመ» ይባል። እንግሊዝኛው ተሻሽሎ አማርኛው ሳይነካ ከቀረ ሽማግሌዎችና ወጣቶች በሁለት ደንብ ይከራከራሉ። ስለዚህ ትርጉሙን የሚያድሰው ሰው በማሻሻያው ስብሰባ ላይ ይመደብ። ለድምፅ የቀረበው ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ታትሞ፣ በአማርኛ ተነብቦ ድምፅ ይሰጥ።

ከኢትዮጵያ የመጣ መጋቢ መጥራት እንችላለን?

ሰባኪ በእንግድነት መጋበዝ አንድ ነገር ነው፣ መጥራት ሌላ ነው። በደንቡ መሠረት በመጋቢነት የሚጠራው በኢኤልሲኤ የአገልጋዮች መዝገብ ላይ ያለ ወይም ለመዝገቡ እጩ የሆነና ጳጳሱ ለዚያ ማኅበር ያቀረቡት አገልጋይ ነው፤ ጥሪውም የተገኙና ድምፅ የሰጡ አባላትን ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። መካነ ኢየሱስ በ2013 ከኢኤልሲኤ ጋር የነበራትን ኅብረት ስላቋረጠች፣ ከዚያ የመጣ አገልጋይ መዝገብ ውስጥ የሚገባበትን ሂደት ገና ሳትነጋገሩ ከሲኖዶሱ ጽሕፈት ቤት ጋር ጀምሩ። በደንባችሁ ላይ ማኅበሩ የሁለቱም አካል ነው የሚል አሮጌ ዓረፍተ ነገር ካለም ምዕራፍ 6ን ከሞዴሉ ጋር አመሳክሩ።

በውክልና ወይም በዙም ድምፅ መስጠት ይቻላል?

ውክልናን ሞዴሉ አይፈቅድም፤ ባል ለሚስት፣ ልጅ ለእናት ድምፅ አይሰጡም። በርቀት መሰብሰብን በተመለከተ አዲሱ ሞዴል የስቴቱ ሕግ በሚፈቅደው መጠን መንገድ ይከፍታል። አሮጌ ደንብ ላይ ካላችሁ መጀመሪያ አሻሽሉት።

ካጸደቅን በኋላ ምን ይቀራል?

ጸሐፊው አዲሱን ሙሉ ጽሑፍ ያጠናቅራሉ፤ በየገጹ ግርጌ የጸደቀበትን ቀን ያስገባሉ። ይፈርማሉ፤ ፒዲኤፍ ያደርጉታል፤ የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ይጽፋሉ። ለሲኖዶሱ ይልካሉ፤ የሲኖዶሱን መልስ ከዋናው ጋር ያኖራሉ። የሚታረመው የዎርድ ቅጂ በቤተ ክርስቲያኒቱ መለያ ይቀመጥ፤ በአንድ ሰው የግል ላፕቶፕ ላይ ብቻ ከሆነ ሰውየው ሲዛወሩ ደንቡም አብሮ ይሄዳል።

ከዋናው ኋላ አንድ ሠንጠረዥ አያይዙ፦ የተለወጠው አንቀጽ ቁጥር፣ የድሮው ቃል፣ አዲሱ ቃል፣ የስብሰባዎቹ ቀን፣ የድጋፍና የተቃውሞ ድምፅ ቁጥር፣ ሲኖዶሱ ያጸደቀበት ቀን። ከሁሉም ወረቀት ይህ ሠንጠረዥ የበለጠ ጊዜ ያተርፋል። ቀጣይ ውሳኔዎችም በየቃለ ጉባኤው ተበትነው እንዳይቀሩ በዚያው ሳምንት ወደ ደንቡ ይግቡ።

የተፈረመ ዋና ቅጂ ጠፍቶብናል። በእጃችን ያሉት ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

መጀመሪያ ሲኖዶሱን ጠይቁ፤ የተላከላቸውን ቅጂ ያስቀምጣሉ። ቀጥሎ የዓመታዊ ስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡ፤ ማሻሻያ የተመዘገበበትን ሁሉ አውጡ። የትኛው ጽሑፍ እንደጸደቀ ማረጋገጥ ካልተቻለ ለመገመት አትሞክሩ። ወቅታዊውን ሞዴል ወስዳችሁ ባዶ ቦታዎቹን ሙሉ፤ ረቂቁን ሲኖዶሱ ከድምፁ በፊት እንዲያየው ላኩ፤ በ30 ቀን ማስታወቂያ እንደ አዲስ አጽድቁት። ከድምፁ በፊት ማሳየቱ ለማንኛውም ማሻሻያ ይጠቅማል፤ ከጸደቀ በኋላ ስሕተት ቢገኝ ሁለቱም ስብሰባዎች ሊደገሙ ይችላሉና።

እኛ የሚዙሪ ሲኖዶስ አባል ነን። ይህ ሁሉ ይመለከተናል?

የሚዙሪ ሲኖዶስ ከኢኤልሲኤ የተለየ የሉተራን ቤተ እምነት ነው። አያያዙና የደረጃው ሥርዓት ይጠቅማችኋል፤ የኮከቡ ሥርዓትና የድምፅ መጠኑ ግን የእናንተ አይደለም። እዚያ ማኅበሩ ደንቡን ራሱ ያወጣል፤ ማሻሻያውንም ለዲስትሪክቱ ያቀርባል፤ የዲስትሪክቱ የደንብ ኮሚቴ ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከእምነት መግለጫዎቹና ከሲኖዶሱ ደንብ ጋር መስማማቱን ይመረምራል። ረቂቃችሁን ገና ለምእመናን ሳታሰራጩ ለዚያ ኮሚቴ ላኩ።